አዋሽን የሚያድነው የክልሎች ውል ነው

አዋሽ ባሕር አይደርስም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከግንጪ አካባቢ ከፍታዎች ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። ስለ ዓባይ ስንነጋገር ዓይናችን ወደ ካይሮና ካርቱም ይሄዳል፤ ክርክራችንም የላይኛው ተፋሰስ አገር መብት ላይ ያተኩራል። በአዋሽ ጉዳይ ግን ጣታችንን የምንቀስርበት የውጭ መንግሥት የለም። ደኑን የመነጠርነውም፣ ፍሳሹን የለቀቅነውም፣ በክረምት በጎርፉ የተፈናቀልነውም፣ በበጋ ውሃ ያጣነውም እኛው ነን። በዓለም መድረክ ለዓባይ የምንጠይቀውን ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም በገዛ ቤታችን መተግበር መቻላችን የሚፈተነው በዚህ ወንዝ ላይ ነው። እስካሁን ፈተናውን አላለፍንም። የገንዘብና የባለሙያ እጥረት አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ጉድለት ግን ወንዙ የሚያገናኛቸው ክልሎች አንዱ ለሌላው የሚገደድበት ውል አለመኖሩ ነው።

ወንዙ የተሸከመውን ሸክም በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ተፋሰሶች በዓመት ያስገኛሉ ተብሎ ከሚገመተው 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የገጸ ምድር ውሃ ውስጥ የአዋሽ ድርሻ 4.9 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ከመቶ አራት እጅ ማለት ነው። የዓባይ ብቻውን ከ50 ቢሊዮን ይበልጣል። ይሁንና አገሪቱ ዘመናዊ ኢኮኖሚዋን የጀመረችው በትንሹ ወንዝ ላይ ነው። የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ አባ ሳሙኤል፣ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ፣ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ የመተሐራ ሸንኮራ፣ የአሚባራና የተንዳሆ የጥጥ እርሻዎች ሁሉ የአዋሽ ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ኮምቦልቻና ድሬዳዋ በዚሁ ተፋሰስ ውስጥ ይገኛሉ። ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል። ኦሮሚያ፣ አማራ፣ አፋርና ሶማሌ ክልሎች ከሁለቱ የከተማ አስተዳደሮች ጋር ሆነው በአንድ የውሃ መስመር ተሳስረዋል። ውሃው ትንሽ፣ ተጠቃሚው ብዙ በሆነበት ቦታ ላይ ያለ ስምምነት መኖር ማለት ጉልበትና አቀማመጥ ያለው እንዲያሸንፍ መፍቀድ ነው።

የችግሩ ሥር በሕገ መንግሥቱ የሥልጣን ክፍፍል ውስጥ በግልጽ ይታያል። አንቀጽ 51(11) ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣንን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 52(2)(መ) ደግሞ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደር ሥልጣንን ለክልሎች ይተዋል። በወረቀት ላይ ክፍፍሉ ንጹሕ ነው፤ ውሃው የፌዴራል፣ መሬቱ የክልል። በተፈጥሮ ግን ውሃና መሬት አይነጣጠሉም። ቆቃ የሚገባው ደለል ከክልል መሬት የታጠበ አፈር ነው። አፋርን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ እርከን ከሌለው የሸዋና የወሎ ተዳፋት ይወርዳል። ወንዙን የሚያጠቁረው ፍሳሽ ከከተሞች ይወጣል። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ወንዙ ላይ ቆሞ መዓቱን ይቆጥራል እንጂ መዓቱ የሚጀምርበት ማሳ ላይ እጁ አይደርስም። የላይኛው ክልል በበኩሉ መሬቱን ሲያስተዳድር ከድንበሩ በታች ለሚሆነው ነገር የሚጠየቅበት መንገድ የለም። በሁለቱ ሥልጣኖች መካከል ያለው ክፍተት ነው አዋሽን የጎዳው።

ቆቃን እንውሰድ። ግድቡ ሲገነባ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ባለፉት ስድስት አሥርት ዓመታት ደለል ቢያንስ ሩብ የሚሆነውን ይዞታውን ወስዶበታል። ይህ ማለት በክረምት ጎርፉን ውጦ በበጋ ለወንጂ፣ ለመተሐራና ለመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ሊለቅ የሚገባው ቋት በየዓመቱ እየጠበበ ነው። ቋቱ ሲጠብ ጎርፉም ድርቁም ይከፋል፤ ሁለቱም ጫፎች የአንድ ምክንያት ውጤቶች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል ብዙ አሥር ሺዎችን ከመኖሪያቸው ሲያፈናቅል ሕዝቡ የተመለከተው የአንድ ክረምት አደጋ ነበር፤ አደጋው ግን ለዓመታት ከላይ ሲጠራቀም የኖረ ነው። ደለሉን ለመከላከል የሚሠራው እርከን የኦሮሚያና የአማራ አርሶ አደር ማሳ ላይ ይሠራል፤ ጥቅሙ ግን ለኃይል ማመንጫው፣ ለስኳር ፋብሪካውና ለአፋር አርብቶ አደር ነው። ደካሚውና ተጠቃሚው በማይተዋወቁበት ሁኔታ ሥራው እንዲዘልቅ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ድሬዳዋ ይህን እውነት በሕይወት ከፍላበታለች። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በከተማዋ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዝናቡ የዘነበው በአብዛኛው ከከተማዋ በላይ ባሉት፣ ደንገጎንና አካባቢውን በሚያካትቱት የሐረርጌ ከፍታዎች ላይ ነው፤ ከፍታዎቹ በኦሮሚያ ክልል፣ ሟቾቹ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ነበሩ። ከአደጋው በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንብ የተቀበለውን ውሃ ያስተላልፍ ይሆናል እንጂ ተዳፋቱ ላይ የሚሰበሰበውን መጠንና ፍጥነት አይቀንስም። ከተማዋ የራሷን ደኅንነት በራሷ ድንበር ውስጥ ልትገነባው አትችልም። ከላይ ካለው ክልል ጋር በስምምነት፣ በጋራ በጀትና በጋራ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ካልታሰረች እያንዳንዱ ክረምት ለእርሷ ዕጣ መጣል ነው።

በብክለትም ታሪኩ አንድ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችን ዝቃጭ ወደ ቆቃ ያደርሳል፤ ቦርከና የደሴንና የኮምቦልቻን ጉድፍ ተሸክሞ ወደ አፋር ይጓዛል። በመዲናዋ የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት የከተማዋን ገጽታ እየቀየረ ነው፤ መመስገን አለበት። ይሁን እንጂ የወንዝ ዳርቻ ማማርና የወንዝ መጥራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚመሰክረው ከከተማዋ ወሰን ውጭ በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ ነው። እምቦጭም ቢሆን ሁላችንም የሰማነው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣናን ሲወር ነው። በአገራችን መኖሩ የተመዘገበው ግን ከዚያ 45 ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ በቆቃና በአዋሽ ላይ ነበር። ያኔ ጉዳዩ የአንድ አካባቢ ችግር ተደርጎ ቀረ። የጎረቤትን ችግር የጎረቤት ብቻ አድርጎ መተው ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ወደ ታች ስንወርድ የከሰረውን ማየት ይቻላል። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን ዛሬ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አልፏል። መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ለማዳን ሲባል ጨዋማው ውሃ በቦይ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ተደረገ፤ ችግሩ ከመተሐራ ቀለለ፣ ከታች ያሉት የአሚባራ መስኖዎች ግን አስቀድሞም በጨው ሲፈተኑ የነበሩ ናቸው። ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ በአፋር ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል፤ ዘሩን ከሚያሰራጩት አንዱ ራሱ የአዋሽ ጎርፍ ነው። የወንዙ መጨረሻ የሆነው አቤ ሐይቅም በእጅጉ ተኮማትሯል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቦታ የተወሰነ መፍትሔ በሌላ ቦታ ችግር ሆኖ መውረዱን ያሳያሉ። ውሳኔው ላይ የታችኛው ወገን ድምፅ ቢኖረው ኖሮ ውጤቱ ይህን አይመስልም ነበር።

አንዳንዶች መፍትሔው ጠንካራ ማዕከላዊ ባለሥልጣን ነው ይላሉ። አዋሽ ያንንም አይቷል። በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተፋሰሱን በአንድ እጅ ይዞ መሬትና ውሃ ያድል ነበር። በቴክኒክ ረገድ ብዙ ጥናትና ግንባታ አከናውኗል። ነገር ግን ለጥጥና ለሸንኮራ የታደለው የወንዝ ዳር መሬት የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ነበር። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ መሸሻቸው ታጥሮ ጠበቃቸው፤ የደረሰባቸው እልቂት ከዝናብ እጥረት ብቻ የመጣ አልነበረም። ያ ተቋም ሥልጣንም ባለሙያም ነበረው። የጎደለው በሚወስንላቸው ሰዎች ፊት ተጠያቂ መሆን ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ማዕከላዊነትን መመለስ ሊሆን አይችልም።

በፌዴራሉ ዘመን የተሞከረውም ቢሆን አልጸናም። አዋጅ ቁጥር 534/1999 የተፋሰስ ከፍተኛ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት እንዲቋቋሙ ፈቀደ፤ የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣንም ተመሠረተ። አዋጅ ቁጥር 1097/2011 ሲወጣ የተፋሰስ ሥራው በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር እንዲሆን ተደረገ። አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ይህንኑም አስቀርቶ ሥራውን ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ሰጠ። በ15 ዓመት ውስጥ ሦስት ቅርጽ ማለት ነው። ደለል በአሥርት ዓመታት የሚከማች ነገር ሲሆን እርሱን እንዲከላከል የተሰየመው ተቋም በየአምስት ዓመቱ ስምና አለቃ ይቀይራል። ይህ የሆነው የነዚያ መሥሪያ ቤቶች መኖር በፌዴራል አስፈጻሚው አደረጃጀት ላይ ብቻ የቆመ ስለነበር ነው። አንድ አዋጅ የወለደውን ሌላ አዋጅ ይሽረዋል። ክልሎች በየምክር ቤቶቻቸው አጽድቀው፣ በጀት መድበው የፈረሙት ውል ግን በአንድ ወገን ፈቃድ በቀላሉ አይፈርስም።

ውሉ ምን ይያዝ? ሦስት ነገሮች ይበቁታል። የመጀመሪያው የጋራ ልኬት ነው፤ በየክልሉ ወሰን ላይ የውሃው መጠን፣ ደለሉና ብክለቱ ተለክቶ ለሁሉም ወገንና ለሕዝብ በየወሩ ይፋ ይሁን። አንድ ወንዝ ከአንድ አስተዳደር ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣ ከታወቀ ክርክሩ ከስሜት ወደ ቁጥር ይወርዳል። ሁለተኛው ክፍያ ነው፤ ከታች የሚጠቀመው ከላይ ለሚሠራው ይክፈል፣ የሚበክለው ደግሞ ለተበከለበት። ሦስተኛው ወንበር ነው፤ አርብቶ አደሩና የወንዝ ዳር ገበሬው ውሳኔ በሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ በሕግ የተረጋገጠ ድምፅ ይኑራቸው፣ የበጋ ግጦሽ የሚያጠጣው ውሃም እንደ መስኖ ሁሉ በድልድሉ ውስጥ ይቆጠር። የፌዴራል መንግሥት የውሉ ተዋዋይና ዋስ ሆኖ ይገባል፤ ልኬቱን ይመራል፣ የግድቦቹን አለቃቀቅ ከታች ላሉት አስቀድሞ ያሳውቃል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። በአዋሽ ለመስኖ የሚከፈለው ዋጋ ለረጅም ዓመታት ለ1,000 ሜትር ኩብ ውሃ 3 ብር ነበር። አንድ ሄክታር ሸንኮራ በዓመት 20,000 ሜትር ኩብ ቢጠቀም በዚህ ተመን ክፍያው 60 ብር ይሆናል፤ ዛሬ ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ በታች። ውሃን በነጻ ከመስጠት የማይሻል ተመን ቁጠባን አያበረታታም፣ የላይኛውን ተፋሰስ ለመንከባከብም ሳንቲም አይተርፈውም። ትልልቅ እርሻዎች፣ ፋብሪካዎች፣ ኃይል ማመንጫዎችና ከተሞች ተመጣጣኝ ዋጋ ቢከፍሉና ገቢው በውሉ መሠረት ወደ ላይኛው ተዳፋት ቢመለስ ነገሩ ይለወጣል። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የላይኛው ታና ናይሮቢ የውሃ ፈንድን መሥርታ ይህንኑ ጀምራለች፤ ዋና ከተማዋን የሚያጠጣው የታና ወንዝ ደለል እንዳይዝ የከተማዋ የውሃ ድርጅትና የኃይል አምራቹ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ሆነው ከላይ ያሉ ገበሬዎች እርከንና የሣር ድንበር እንዲሠሩ ይደግፋሉ። እኛ ጋ ይኸው ሥራ በየዓመቱ በዘመቻና በነጻ ጉልበት ይሠራል። ገበሬው በየበጋው ለቀናት ያለ ክፍያ ቆፍሮ የሠራውን እርከን ለመጠገን ምክንያት የሚኖረው ከጥቅሙ ሲካፈል ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። አንደኛው፣ የጋራ ወንዞች ሥልጣን የፌዴራል ሆኖ ሳለ ክልሎች መዋዋላቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ነው። ሥልጣኑ ያለ ጥርጥር የፌዴራል ነው፤ ነገር ግን ውሉ የሚነካው በዋናነት ክልሎች የሚያስተዳድሩትን መሬት ነው፣ የፌዴራል መንግሥትም ከተዋዋዮቹ አንዱ ይሆናል። አንቀጽ 50(9) ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ከሥልጣኑ ለክልሎች በውክልና መስጠት እንደሚችል ይፈቅዳል። ሁለተኛው ተቃውሞ ክፍያው ባለሀብቱን ያሸሻል የሚለው ነው። ባለሀብቱን ከሁሉ በላይ የሚያሸሸው በበጋ ውሃ የሚቋረጥበት፣ በክረምት ማሳው የሚጥለቀለቅበት፣ በጨው አፈሩ የሚሞትበት እርሻ ነው፤ ይህን ኪሣራ ዛሬም እየከፈለ ነው፣ ደረሰኝ የሌለው ሆኖ እንጂ። ለአነስተኛ ገበሬዎች ግን ተመኑ ዝቅ ማለት፣ ወይም ጭራሽ መቅረት አለበት።

ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ክልሎች በወሰን ይጋጫሉ፣ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች መካከል በግጦሽና በመሬት ስንት ደም ፈሷል፣ በዚህ ሰዓት ስለ ውሃ ውል ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? የግጭቱን ክብደት ማቃለል አይገባም። ይሁንና ውል የሚያስፈልገው ለሚስማሙ ሰዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ ጠበቃም ዳኛም ባላስፈለገ ነበር። በሕንድ የካቬሪ ወንዝ በካርናታካና በታሚል ናዱ ክልሎች መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ጉዳዩ ለልዩ ችሎት ተመርቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ውሳኔ የሰጠው በ2018 ነው። በመሀሉ፣ በ2016፣ በቤንጋሉሩ ከተማ አውቶቡሶች ነድደዋል። በአውስትራሊያ በአንጻሩ የመሬይ ወንዝ ክልሎች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1915 ውል አሰሩ። ዛሬም ይጨቃጨቃሉ፣ ወንዙም ከችግር ነጻ አልሆነም፣ በ2007 ፌዴራሉ መንግሥት ሕጉን ማጥበቅ አስፈልጎታል። ልዩነቱ ጭቅጭቃቸው ደንብ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ መሆኑ ነው። ውሃ ሲያንስ ከሚጀመር ድርድር ውሃ ሳይጠፋ የሚፈረም ውል ይረክሳል፤ በአዋሽ ደግሞ ጊዜው እያለፈ ነው።

አዲስ ስምምነት ሌላ የመደርደሪያ ወረቀት ይሆናል የሚል ጥርጣሬም አለ፤ ካለፈው ልምድ አንጻር ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በትንሹና በሚለካ ነገር መጀመር ነው። ስድስቱን አስተዳደሮች በአንድ ጊዜ ከማስፈረም በሁለት ጥንዶች ይጀመር። ድሬዳዋና ኦሮሚያ በደቻቱ ተፋሰስ ላይ፣ አዲስ አበባና ኦሮሚያ በአቃቂ ላይ ይዋዋሉ። በሁለቱም ቦታ ላይኛውና ታችኛው ወገን በግልጽ ይታወቃሉ፣ ጉዳቱ የታወቀ ነው፣ ርቀቱ አጭር ነው፣ ከተሞቹም የመክፈል አቅም አላቸው። በአቃቂ ላይ በካይዋ ራሷ መዲናዋ በመሆኗ ዕዳ የሚኖርባት እርሷ ትሆናለች፤ ትልቁ ወገን በመጀመሪያው ውል ላይ ከፋይ ሆኖ መገኘቱ ለሌሎቹ ክልሎች ከማንኛውም ንግግር የበለጠ መተማመኛ ይሰጣል። እነዚህ ሁለት ውሎች በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ የሚታይ ለውጥ ካመጡ በቦርከናና በከሰም ወንዞች እንዲሁም በቆቃ ላይ የኦሮሚያ፣ የአማራና የአፋር ውል ሊከተል ይችላል።

እንግዲህ ጥሪው ለተወሰኑ ሰዎች ነው። የኦሮሚያ ክልልና የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት፣ የድሬዳዋም ምክር ቤት፣ በሚመጣው የበጀት ዘመን እነዚህን ሁለት ውሎች በአጀንዳቸው ይያዙ። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር በአዋሽ ላይ ያሉትን መለኪያዎች መረጃ ለሕዝብ ክፍት ያድርግ፤ ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። የተወካዮች ምክር ቤትም የመስኖ ውሃ ተመኑ የወንዙን መጠበቂያ ወጪ እንዲሸፍን ያስከልስ። አንባቢም የመረጣቸውን ተወካዮች አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ የእኛ ወንዝ ከድንበራችን ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? መልሱን የማያውቅ አስተዳደር ወንዙን አስተዳድሬያለሁ ሊል አይችልም።